የማይለጠጥ ክር

ሱቄ ከወደቡ ጥግ ነው፣ ፔኒሽ ላይ፣
በሩን ጨው በልቶታል፣ ሲከፍቱት ዋይ ባይ።
መንጠቆ እሸጣለሁ፣ እርሳስ፣ የጎማ ዓሣ፣
ማጠንጠኛም እጠግናለሁ፣ አሸዋ ገብቶት ሲያገሣ።
እናቴ ዳንቴል ሠሪ ነበረች፤ በክር መሃል ነው ያደግሁት፣
“ክርን በዓይንሽ አትመኚው፣ በጣትሽ ጠይቂው” ያለችኝን ያልረሳሁት።

ማክሰኞ፣ ካፊያው ሳያባራ፣ ኤርሚኒዩ ገባ፣
ዘንጉን በብብቱ ሸጉጦ፣ ኮፍያው እያነባ።
አርባ ዓመት ሙሉ ናይለን ነው፣ ሌላ ክር አያውቅም፣
ጉንጉኑን “የሴት ሹሩባ” ብሎ ከማፌዝ አይታክትም።
ዛሬ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እስቲ አሳዪኝ” አለ፣
“ያንን ሹሩባሽን። ስንት ዓይነት አለ?”

ዘረገፍሁለት።

ይኸኛው ባለ አራት ፈትል፤ ሻካራ ነው፣ ሲወረወር ያፏጫል፣
ገደሉ ሥር ድንጋይ ቢፍቀው ግን ቶሎ እጅ አይሰጥም፣ ይሟገታል።
ይኸኛው ባለ ስምንት፤ ለስላሳ፣ ድምፀ ቢስ፣
ሩቅ ይሄዳል፤ ዋጋው ግን የማይቀመስ።
ማሸጊያው ላይ የጻፉትን ኪሎ ተወው፤ ውፍረቱን እይ፣
ወፍራም ክር ለነፋስ ሸራ ነው፣ ጎብጦ ይቀራል አየር ላይ።
ቀለሙ? ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ሎሚ የሚጮህ ቢጫ።
“ቢጫውን ዓሣው አያየውም?”
“ሁለት ክንድ ጥርት ያለ ናይለን አድርግለት መቋጫ።
ዓሣው የሚያየው እሱን ነው። ቢጫው ላንተ ዓይን ነው።”

ሁለቱንም ክር ተቀበለኝ።
በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አንዱን አሸ፣
ተወው። ሌላውን አሸ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።
“ሻካራው” አለኝ ቀስ ብሎ፣ “የትኛው ነበር?”

በእጁ ነበር።

ስኳሩ ነው። ከጥር ወዲህ ጣቶቹ ዝም ብለዋል፣
ሌባ ጣቱ እንኳ፣ ሌባው ራሱ ተሰርቋል።
“ሮባሉ ይመጣል፣ ይበላል፣ አፉን ጠርጎ ይሄዳል፤
እኔ ቆሜ ባሕር አያለሁ” አለ፣ “ሰው አጥማጅ ይመስለኛል።”

ከዚያ ወዲያ ስለ ዋጋ አላወራሁም።

ናይለን ደግ ነው፤ ይለጠጣል፣ ስሕተትን ይቅር ይላል፣
ግን ከታች የተላከ ወሬ መንገድ ላይ ይቀልጥበታል።
ጉንጉን ክር ምሕረት የለውም፤ የሰማውን አያስቀርም፣
ሸርጣን ሲቧጥጥ፣ ሣር ሲነካው፣ እጀታው ድረስ ሳይናገር አያድርም።
ባለ ስምንቱን፣ ቢጫውን መረጥን።

በከራው ላይ መጀመሪያ ጥቂት ናይለን አነጠፍሁ፣
ጉንጉን ብቻውን ብረት ላይ ይንሸራተታል፤ በአሮጌው አስደገፍሁ።
በእርጥብ ጨርቅ ቆንጥጬ፣ አጥብቄ አጠነጠንሁ፣
ላልቶ የተጠቀለለ ክር ራሱን በራሱ ይቀብራል፣
ውሉ ከጠፋ ደግሞ በሌሊት፣ በገደል ጫፍ፣ ማን ውል ያገኛል?
ፍሬኑንም ሩብ ዙር አላላሁለት፤
ክሩ የማይለጠጥ ከሆነ ሌላ ነገር መለጠጥ አለበት።

ሳንቲሙን በዓይኑ ቆጥሮ ከፈለኝ። ወጣ።

እሑድ ጧት ሱቁ ዝግ ነው። በሩን ደበደበ።
ቅርጫቱ ባዶ። ቀኝ እጁ በመሐረብ ተጠቅሏል፣
መሐረቡ ቀልቷል።
“ማዕበሉ ሲመለስ ክሩ ጣቴ ላይ ዞረ፤ ሮባሉም ያኔ ጎተተ…”
“አንተ ሰው! ጓንት አድርግ አላልሁህም?” ልል አፌን ስከፍት
እንደ ልጅ ሳቀብኝ።
“ግራሲዬቴ” አለ፣ “አመመኝ።”

አልኮል ሳፈስበት ዘለለ፤ ዘሎም እንደገና ሳቀ።
ዓሣውስ? ሄደ፣ ከነመንጠቆው።
“ግን ሲመጣ ሰማሁት። ከመንከሱ በፊት ሰማሁት።”

ጓንት ከመደርደሪያው አውርጄ፣ ያለ ዋጋ ሰጠሁት።
አገላብጦ አየው፣ አመሰገነኝ፣
የግራውን ብቻ ወሰደ።